ያልወለቀው ኮፍያ

«ጨምርበት እንጂ! ገና አልሞቅክም እኮ» አለ ኔልፊ ኳሱን እየመለሰለት።

ውሸቱን ነበር። የሆስካር ክንድ ከሞቀ ቆይቷል፤ ኳሱ ጓንቱ ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ብቻውን ይናገራል። ግን በዚህ የባኒ ከተማ የቤዝቦል ሜዳ ደንቡ የታወቀ ነው። ተቀያሪ ወርዋሪው አጥሩ ጥግ ሲያሟሙቅ፣ ዝግጁ መሆኑን የሚወስነው ኳሱን የሚቀበለው ልጅ ነው። ተቀባዩ ኮፍያውን ካላወለቀ አሰልጣኙ ማንንም ወደ ጨዋታው አያስገባም። ኔልፊ ደግሞ አላወለቀም።

«አንተ ካልክ እሺ» አለ ሆስካር፤ ላቡን በትከሻው ጠረገና በሙሉ ኃይሉ ወረወረ።

ኔልፊ በሆዱ «ወርውር፣ ወርውር ብቻ» አለ። ዛሬ ከአጥሩ ወዲያ የፍጥነት መለኪያ የያዘ አሜሪካዊ የተጫዋች መልማይ ተቀምጧል። የመጣው ሆስካርን ሊያይ ነው። ሆስካር ደግሞ የአሰልጣኝ ራዳሜስ ልጅ ነው።

ራዳሜስ! ይህን ስም ሲሰማ የኔልፊ ደም ይፈላል። አባቱ ኤልፒዲዮ ድሮ የአንድ ትልቅ ቡድን ተቀያሪ ወርዋሪ ነበር፤ አሰልጣኙም ይኸው ራዳሜስ። የተቀያሪ ወርዋሪ ኑሮ መቼም ጥበቃ ነው። ጨዋታው ሲከብድ «ተነስ፣ አሟሙቅ»፤ ሲቀል «ተቀመጥ»። ራዳሜስ ኤልፒዲዮን በአንድ ጨዋታ ሁለቴም ሦስቴም ያስነሳውና ሳያስገባው ይመልሰው ነበር። እያሟሟቁ የወረወሩት ኳስ ደግሞ የትም አይመዘገብም። የክርኑ ጅማት የተበጠሰ ጊዜ ራዳሜስ ለጋዜጠኞች «ሳምንቱን ሙሉ አርፎ ነበር እኮ! ሰነፍ ነው» አላቸው። ኤልፒዲዮ ይኸው እስከ ዛሬ ፀጉሩን የሚያበጥረው በግራ እጁ ነው።

ኔልፊ ይህን ቡድን የተቀላቀለው ለጨዋታው ፍቅር ብሎ አልነበረም። የገዛ ልጁ መልማዩ ፊት ክንዱ ዝሎ ሲዋረድ ራዳሜስ ቆሞ ይይ፤ እሱም ይቅመሳት።

ከወዲያ ማዶ ራዳሜስ እጁን ወደ መሬት ዝቅ አደረገ። ተቀመጡ ማለቱ ነው። ጥቂት ቆይቶ አስነሳቸው፤ ኔልፊም በደንብ አስወረወረው። እንደገና «ተቀመጡ»።

አግዳሚው ላይ ሆስካር ክርኑን ያሽ ጀመር።

«አመመህ እንዴ?»

«ኧረ ትንሽ ነው። ትናንት ከትምህርት ቤት ስመጣ አባዬ ጓሯችን ውስጥ ሲያስወረውረኝ አመሸ። ከትናንት ወዲያም እንደዚያው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዳትነግርብኝ፣ ጀለሴ። ሰነፍ ይለኛል።»

ኔልፊ ዞር ብሎ አየው። ሆስካር ክርኑን በሌላው መዳፉ ከስር ደግፎታል፤ ኤልፒዲዮ ዝናብ ሲመጣ የሚይዘው ልክ እንደዚያ ነው።

ንዴቱ አልበረደለትም፤ እንዲያውም ባሰበት። ሰውየው ምንም አልተማረም፤ በገዛ ልጁም ያንኑ እየደገመ ነው። እሱ ኔልፊ ደግሞ ሲበቀል የዋለ መስሎት ለራዳሜስ ሥራውን ሲያግዘው ነበር። አንገቱ ድረስ ጋለ።

ራዳሜስ እጁን ለሦስተኛ ጊዜ አነሳ።

ሆስካር ብድግ አለ። «ኳሱን አምጣ።»

ኔልፊ ኳሱን ጭኑ ስር አስገብቶ ተቀመጠበት።

«አቦ አትቀልድ! ዛሬ ካልገባሁ አለቀልኝ!»

«ቅድም ሞቀህ ነበር» አለ ኔልፊ። «ሆን ብዬ ነው ያስወረወርኩህ። አባትህን ልበቀል ብዬ።»

ሆስካር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ራዳሜስ እየተንደረደረ መጣ።

«ምን ሆነሃል አንተ? ኮፍያህን አውልቅና ኳሱን ስጠው!»

«አላወልቅም፣ አሰልጣኝ።» ኔልፊ መልማዩ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ቀጠለ። «ክንዱ ዝሏል። ዛሬ ሦስቴ አስነሱት፤ ትናንትም ጓሮ ሲያስወረውሩት ነበር። አባቴንም እንዲህ አድርገው ነው የጨረሱት። ከዚያ ሰነፍ አሉት።»

የራዳሜስ ፊት ጠቆረ። «የኤልፒዲዮ ልጅ አይደለህ! እሱም...»

«እውነቱን ነው?» አለ መልማዩ ከአጥሩ ወዲያ። ስፓኒሹ የተሰባበረ ቢሆንም ይገባል። የጠየቀው ራዳሜስን ሳይሆን ሆስካርን ነበር።

ሆስካር አባቱን አየ። ኔልፊን አየ፤ አስተያየቱ የወዳጅ አልነበረም። ከዚያ ክርኑን ያዘ።

«ያመኛል» አለ።

መልማዩ የፍጥነት መለኪያውን ቦርሳው ውስጥ ከተተና ራዳሜስን ትክ ብሎ አየው። ራዳሜስ ላብ በላብ ሆነ። ኔልፊ ስንት ዘመን የተመኘው ፊት ይኸው ነው፤ ጣፈጠው። ጎኑ ያለውን ልጅ ግን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«ኮፍያህን...» አለ ራዳሜስ፤ ይህን ጊዜ ልመና ይመስልበት ነበር።

ኔልፊ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ዝቅ አደረገና ለሆስካር ቦታ ለቀቀለት። ሆስካር ከአግዳሚው ወዲያኛው ጫፍ ተቀመጠ። ኔልፊ ከመጠጥ ባልዲው በረዶ ዘገነ፤ በፎጣው ጠቀለለና ለክርኑ እንዲሆነው በመሃላቸው አስቀመጠለት።