የአባዬ ጉርሻ ምን ነካው?

ወለላ አምስት ዓመቷ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ከእናቷና ከአባቷ ጋር ትኖራለች።

እራት ሲደርስ ወለላ ሥራ አላት። እጅ የምታስታጥበው እሷ ናት።

ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጇ አቅፋ ትመጣለች። ሽርርር! ግማሹ ውሃ እጅ ላይ፣ ግማሹ ምንጣፍ ላይ።

«እደጊልኝ» ትላታለች እማዬ። «እደጊልኝ» ይላታል አባዬ።

ከዚያ ሦስቱም አንድ ትሪ ከበው ይቀመጣሉ። እየበሉ የዋሉበትን ያወራሉ።

አባዬ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ወሬው አያልቅም። አንድ ቀን ስለተሳፈረ በግ ያወራል። ሌላ ቀን ደግሞ አምልጣ ጭንቅላቱ ላይ ስለወጣች ዶሮ።

ወሬው ጋብ ሲል እንጀራውን በወጥ ይጠቀልላል። «በሞቴ፣ አፍሽን ክፈቺ» ይላል።

ወለላም አፏን ትከፍታለች። ሃም!

ወለላ ከጉርሻ ሁሉ የምትወደው የአባዬን ነው። የእማዬ ትንሽ ናት፤ የአባዬ ግን ሁለቱንም ጉንጭ ይሞላል።

አንድ ምሽት አባዬ ደጅ ቆሞ ሲጋራ አጭሶ ገባ። ታጠበ፣ ተቀመጠ፣ ጉርሻውን ጠቀለለ።

ጉርሻው ሲጠጋ የወለላ አፍንጫ ተሸበሸበ። አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋችው።

«ምነው ልጄ?» አለ አባዬ።

«እጅህ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል» አለች ወለላ።

የአባዬ እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ጉርሻውን ቀስ ብሎ ትሪው ላይ መለሰው። ከፋው።

ወለላንም ከፋት። ጉርሻውን በጣም ፈልጋው ነበር።

በማግስቱ ሳሙና ይዛ በር ላይ ጠበቀችው። ድርድርድር! ባጃጁ መጣ።

ፈተግ! ፈተግ! ፈተግ! የአባዬን ጣቶች አንድ በአንድ አሸች። አሸተተች። ሽታው አልሄደም።

እማዬ ሎሚ ቆርጣ ሰጠቻት። ፈተግ! ፈተግ! ፈተግ! አሸተተች። አሁንም ሽታው አልሄደም።

«ቆዳዬን ላጥሽው እኮ» አለ አባዬ። ያን ቀንም ሳያጎርሳት ቀረ።

ሌሊቱን አባዬ አሰበ፣ አሰበ። «የማጎርሳት በቀኝ እጄ ነው። እንግዲያው ሲጋራውን በግራ እይዘዋለሁ» አለ በሆዱ። አዎ፣ አንዳንዴ ትልቅ ሰውም እንዲህ ያስባል።

በሦስተኛው ቀን ወለላ አስታጥባው ቀኝ እጁን አሸተተች። ሳሙና ሳሙና ይላል።

ደስ አላት። አባዬም ደስ ብሎት ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለ። ወለላ አፏን ከፈተች።

ኡሁ! ኡሁ! ኡሁ! አባዬን ሳል ያዘው። ጉርሻው ከእጁ አምልጦ ወለላ ጭን ላይ ዱብ አለ።

ማንም አልሳቀም። አባዬ ደረቱን ያዘ። ሳለ፣ ሳለ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ድረስ ሳለ።

ወለላ ውሃ ሰጠችው። ከዚያ ግራ እጁን አንስታ አሸተተች።

«እዚህ ደብቀኸዋል» አለች።

እማዬ ሳቋ መጣ፤ ግን ዋጠችው። «ደምሴ፣ እውነቱን ንገራት እንጂ» አለችው አባዬን።

አባዬ ወለላን አጠገቡ አስቀመጣት። እጇን ይዞ ደረቱ ላይ አደረገው።

«እዚህ ውስጥ ሳንባ አለ፤ የምንተነፍስበት» አላት። «ጭሱ እጄ ላይ ብቻ አይቀርም። ወደ ሳንባዬ ይገባል። ሳንባን ያቆስላል፣ ልብንም ያደክማል።»

«በሎሚ ይታጠባል?» አለች ወለላ።

«ሳንባ በሎሚ አይታጠብም፣ ልጄ። የሚሻለው ጭሱን ማቆም ነው።»

«ታዲያ ያሳምምሃል?»

«ብዙ ሰው አሳምሟል። አጠገብ ሆኖ ጭሱን የሚተነፍሰውንም ሰው ይጎዳል።»

«ለምን ታጨሳለህ ታዲያ?»

አባዬ የወለላን እጅ ያዝ አደረገ። ወጡ ቀዘቀዘ። «ጎረምሳ ሳለሁ ጓደኞቼን አይቼ ጀመርኩት። አሁን መተው እፈልጋለሁ፤ ግን በጣም ከበደኝ» አለ።

ወለላ አባቷ እንዳይታመምባት ፈራች። «አንተ ብትታመም እኔን ማን ያጎርሰኛል?» ብላ አለቀሰች።

አባዬ እቅፍ አደረጋት። «እኔም እፈራለሁ» አላት። «ነገ ጤና ጣቢያ ሄጄ እንዲያግዙኝ እጠይቃለሁ።»

ሄደም። ሲስተሯ አባዬን በደንብ አዳመጠችው። «ከባድ ነው፤ ግን ይቻላል» አለችው። «አንድ ቀን ቢያቅትዎ እንኳ ተስፋ አይቁረጡ። በማግስቱ እንደገና ይጀምሩ።»

አባዬ ባጃጁ ውስጥ ቆሎ አስቀመጠ። ሲጋራ ሲያምረው ቆሎ ያነሣል። ቆርጠም! ቆርጠም! ቆርጠም!

የመጀመሪያውን ቀን ሳያጨስ ዋለ። ሁለተኛውንም ሳያጨስ ዋለ። ሦስተኛውንም ሳያጨስ ዋለ።

ማታ ማታ ወለላን ያጎርሳታል። ሃም! ሁለቱም ጉንጮቿ ይሞላሉ።

በአራተኛው ቀን ድርድርድር! ባጃጁ መጣ። አባዬ ግን ቶሎ አልወረደም።

ወለላ አስታጠበችው። «እደጊልኝ» አለ፤ ድምፁ ግን በደንብ አይሰማም።

ትሪውን ከበው ተቀመጡ። አባዬ ስለ በግ አላወራም። ስለ ዶሮም አላወራም። እንጀራም አልቆረሰም።

«ዛሬ አጨስኩ» አለ። «አንድ ሲጋራ። ልደብቃችሁ አልፈለግኩም። አፍሬያለሁ።»

እማዬ ትከሻውን ዳበስ አደረገችው። «እንኳን ነገርከን» አለችው።

ወለላ አባቷን ትክ ብላ አየችው። አንገቱን ደፍቷል። አሳዘናት።

እጇን ወደ ትሪው ዘረጋች። እንጀራ ቆረሰች፣ ሽሮ ጨመረች፣ ጠቀለለች። ጉርሻው ከእጇ በለጠ።

«አባዬ፣ አፍህን ክፈት» አለችው።

አባዬ ቀና አለ። «አጭሼ እንኳ ታጎርሺኛለሽ?»

«አዎ» አለች ወለላ። «ነገ እንደገና ትጀምራለህ።»

አባዬ አፉን ከፈተ። ሃም!

ጉንጩ ተወጠረ፤ ሽሮው ጢሙ ላይ ተንጠባጠበ። እያኘከ ዓይኑን በክርኑ ጠረገ።

«ነገ እንደገና እጀምራለሁ» አለ፣ አፉ እንደሞላ።

«ወለላ፣ አንድ ብቻ ነው እንዴ? ድገሚው እንጂ» አለች እማዬ።

ወለላም ትልቅ እንጀራ ቆርሳ ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረች።