የሦስት ሰው ክፍል

«እሺ ምሥጢርዬ፣ ወሳኟ አንቺ ነሽ። የት እንረፍ?» አለች እናቷ ሰገነት፣ ከትራቭል ኤጀንቷ ያመጣቻቸውን ብሮሹሮች ምግብ ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋች።

ምሥጢር ወረቀቶቹን ወደ ራሷ ሳበች። አንዱ ስሊማ በምትባል ከተማ ባሕር ዳር የተገተረ ረጅም ሆቴል ነው። ሌላው ቫሌታ ውስጥ፣ በአሮጌው ግንብ መካከል ያለ ጠባብ ማረፊያ። የመጨረሻው ጎዞ ላይ ነው፤ ጎዞ ከማልታ አጠገብ ያለች ታናሽ ደሴት ናት። እዚያ የሚከራየው ከድንጋይ የተሠራ የገበሬ ቤት ነበር።

ማልታን የመረጠው ህዝቅያስ ነው። ህዝቅያስ ሳኒቬል ከተማ የሚሠራ ኢንጂነር ሲሆን የምሥጢርን እናት ካገባ ሁለት ዓመቱ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ መርከቡ የተሰበረባትን ደሴት በዓይኑ ለማየት ሲመኝ የኖረ ሰው በመሆኑ፣ በሚኖሩበት ሳን ሆዜ የቸርቻቸው ሰዎች ገና ከአሁኑ በማልታ የመጽሐፍ ቅዱስ ስም «መላጥያ ተጓዦች» እያሉ ይቀልዱባቸዋል።

ምሥጢር ጣቷን የገበሬው ቤት ላይ አሳረፈች። ፎቶው ላይ አንድ ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ ይታያል፤ የመኝታ ክፍሎቹ በሮች በሙሉ ወደዚያ ጠረጴዛ የሚከፈቱ ናቸው። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ከአልጋው ሳይነሳ «ይማርህ» የሚልበት ዓይነት ቤት ነው።

«ይሄ» አለች።

ህዝቅያስ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየው። «ቤቱስ ያምራል። ግን ምሥጢርዬ፣ የምናያቸው ቦታዎች ሁሉ ማልታ ላይ ናቸው። በየቀኑ ፌሪ ጀልባ ስንጠብቅ ሳምንቷ ታልቃለች።»

በክፉ ቢናገራት መልስ ባላጣችለት። ግን ረጋ ብሎ ነው የተናገረው፤ ደግሞም እውነቱን ነው። ስለዚህ ስሊማ ተመረጠች። አውቶቡሱ ሆቴሉ በር ላይ ይቆማል ተባለ።

ሰገነት ወዲያው ኤጀንቷ ጋ ደወለች። የህዝቅያስ ልጅ፣ የሰባት ዓመቷ ሐኒ፣ ጭኗ ላይ ተቀምጣ የብሮሹሩን ጠርዝ በእርሳስ ትቀባለች። ሰገነት በእንግሊዝኛ ስታወራ ቆይታ ስልኩን በእጇ ሸፈነችና ወደ ምሥጢር ዞረች። ፊቷ በርቷል።

«ፋሚሊ ሩሙ የሚይዘው ሦስት ሰው ብቻ ነው። ላንቺ የራስሽን ሩም ያዝኩልሽ! እኛ ሁለተኛ ፎቅ፣ አንቺ ስድስተኛ፣ ባሕሩን እያየሽ። እንደ ትልቅ ሴት!»

«ኩል» አለች ምሥጢር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ እናቷ እንደ ሁልጊዜው ፍሪሞንት ባቡር ጣቢያ ድረስ በመኪና ሸኘቻት፤ ባርት የተባለው ባቡር ሳን ሆዜ አይደርስምና። ምሥጢር በባቡሩ መስኮት የመጋዘኖችን ጀርባ እያየች፣ በአዘቦት ቀን ከአባቷ ጋር ወደምትኖርበት ኦክላንድ ገባች። አባቷ ዓባይነህ ኤርፖርት ፓርኪንግ የማታ ሥራ ላይ ነበር። ምድጃው ላይ ሰሃን የተከደነበት ወጥ ትቶላታል። ቴሌቪዥኑን ከፍታ በላች፤ ምን እንዳየች ግን ብትጠየቅ አታውቅም።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ለጓደኛዋ ለዙሌይካ ነገረቻት።

«የራስሽ ሩም? ሆቴል ውስጥ?» ዙሌይካ ቦርሳዋን ጣለችው። «ገርል! እኔ ከሦስት እህቶቼ ጋር ነው የምተኛው፤ አንዷማ ትራገጣለች። እኔ ክረምቱን ሰመር ስኩል ገብቼ የወደቅኩትን ማትስ ስፈጭ አንቺ ማልታ? ቀይሪኝ!»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ምሥጢር የሆዷን ልትነግራት ፈልጋ የወደቀውን ቦርሳ ብቻ አንስታ ሰጠቻት። ሰው በሚቀናበት ነገር እንዴት ይከፋል?

ያን ዕለት ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች እናቷ ሥራ ቦታ ደወለች። «ማሚ፣ ማልታ መሄድ አልችልም። ሰመር ስኩል አለብኝ። ማትስ።»

«ማትስ? ጎበዝ አልነበርሽ እንዴ?»

«ግሬዴ ወርዷል።»

ሰገነት ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማ። ከዚያ «ውይ ልጄን። እስኪ አባትሽን ላነጋግረው» አለችና ዘጋች። ምሥጢር ስልኩን ይዛ ቆመች። «አንቺ ከሌለሽማ እኛም እንቀራለን» የሚል ቃል ስትጠብቅ እንደነበር ያወቀችው ያኔ ነው።

ማክሰኞ የአባቷ የዕረፍት ቀን ነው። በመኪናው መጥቶ ከትምህርት ቤት ወሰዳት። ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ ዳር ሲደርሱ የዝይ መንጋ መንገዱን ዘግቶ ነበርና ቆሙ።

«እናትሽ ደውላልኝ ነበር። ልጅቷ ማትስ ወደቀች ወይ አለችኝ» አለ ዓባይነህ፣ ዝይዎቹን እያየ።

«ምን አልካት?»

«ራሷ ትንገርሽ አልኳት። ውሸትሽን አላጋለጥኩትም፤ አላጀብኩትምም።»

ምሥጢር አንገቷን ደፋች።

«ህዝቅያስ ክፉ ተናገረሽ?»

«ኖ! እሳቸው ናይስ ናቸው።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

አንድ ወፍራም ዝይ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ክንፉን ማበጠር ጀመረ። ምሥጢር የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች።

«ዳዲ፣ እዚህ የራሴ ሩም አለኝ። ሳን ሆዜም የራሴ ሩም አለኝ። አሁን ደግሞ ማልታም የራሴ ሩም። ሁሉም ቦታ ያለኝ የራሴ ሩም ነው።»

ዓባይነህ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ዝይዎቹ አለፉ፤ እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም። ከኋላ ያለው መኪና ክላክስ ሲያደርግ ነው የነዳው።

«እኔም ማታ ማታ ጥዬሽ ነው የምሄደው» አለ ቆይቶ።

«ስላንተ አላልኩም።»

«አውቃለሁ። ግን ስለኔም ነው።» ቀይ መብራት ላይ ሲቆም ዞሮ አያት። «ለእሷም ይሄንኑ ንገሪያት። እኔ ከነገርኳት የኔና የእሷ ጭቅጭቅ ይሆናል፤ ያንቺ ነገር መሀል ላይ ይጠፋል።»

ቤት እንደገቡ ልብስ ላጥብ ብሎ ቅርጫቱን ይዞ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ቅርጫቱ ውስጥ የነበረው ሁለት ሸሚዝ ብቻ ነው። ምሥጢር አየች። የእናቷን ቤት ቁጥር መታች።

«ሄሎ?» አለች ሐኒ። ከዚያ ጮኸች፤ «ማሚ! ምሥጢር ናት!»

ማሚ። ምሥጢር ዓይኗን ጨፈነች። ትንሽ ቆይቶ የእናቷ ትንፋሽ ተሰማ፤ ከኋላዋ ዘይት ይንጣጣል።

«ሰመር ስኩል የለብኝም» አለች ምሥጢር፣ እናቷ አፏን ሳትከፍት። «ማትስ ያገኘሁት ኤ ነው። ዋሸሁሽ።»

«ለምን?»

«ስድስተኛ ፎቅ አልፈልግም። ካንቺ ጋር ነው ማደር የምፈልገው።»

«እኔ እኮ ደስ የሚልሽ መስሎኝ ነው!» የሰገነት ድምፅ ተሰበረ። «ስድስት ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያደግነው። ባንቺ ዕድሜ የራስሽ ክፍል ይኸውልሽ ብባል...» ሳትጨርሰው ተወችው። «ግን የኔ ልጅ፣ ክፍሉ ሦስት ሰው ነው የሚይዘው። ሐኒ ደግሞ ገና ሕፃን ናት፣ ብቻዋን...»

«ሐኒ ትውጣ አላልኩም። አንቺ፣ ሐኒና እኔ ሦስት ነን። ጋሼ ህዝቅያስ ስድስተኛ ፎቅ ይደሩ። ባሕሩን እያዩ።»

ወዲያ ማዶ ዘይቱ ብቻ ይንጣጣል። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ግዙፍ ሆነባት። ትልቅን ሰው ከሚስቱ ለይቶ ሌላ ፎቅ መስደድ! ጆሮዋ ጋለ። «ግድ የለም፣ ቀልዴን ነው» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። አንድ ጊዜ ብትለው ነገሩ ሁሉ ያበቃል፤ እናቷም ትስቃለች።

ከንፈሯን ገጠመች።

«እስኪ ቆዪ» አለች ሰገነት በመጨረሻ። «ልጠይቀው።»

መነጋገሪያው ጠንካራ ነገር ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። እርምጃ። የእናቷ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ። የወንድ ድምፅ፣ «ምን?» የሚል። ከዚያ የሚሰማ ነገር ጠፋ።

ምሥጢር የስልኩን ገመድ ጎትታ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች። መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ ሳትዘጋ ጠበቀች።