የወረቀት ስትሮ

የሆስፒታሉ የግዢ ባለሙያ በመሥሪያ ቤቱ የምትታወቀው «መመሪያ» በሚል ቅጽል ስም ነበር። ማንም ምን ቢጠይቃት «መመሪያው ምን ይላል?» ሳትል አትመልስም። በስሙ መናደዱን እንኳ ከተወችው ቆይታለች፤ ደክሟታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ የአልጋ ቁራኞች የተኙበት ክፍል ነርስ ቢሮዋ መጣ። ዓይኖቹ በእንቅልፍ እጦት ቀልተዋል። መንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ የፕላስቲክ ስትሮ እንዳይገዙ ከከለከለ ወዲህ ለመጠጫ የሚቀርበው የወረቀት ስትሮ ሕሙማኑ አፍ ውስጥ እየሟሟ እንዳስቸገራቸው ነገራት። እሷም እንደ ልማዷ፣ ክልክል ነው አለችው። አልተከራከራትም። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ዓይኖቹን ጨፈነ። እሷም ወረቀቶቿን ማገላበጥ ቀጠለች። እንደሷ የደከመው ሰው ካየች ሰንብታ ነበርና መቀመጡ አልከበዳትም።

ሲነሳ «እስቲ አንድ ቀን ብቅ ብለው ይዩን» አላት።

በማግስቱ ሄደች። ቀና ማለት ለማይችሉ አንዲት አዛውንት እናት ውሃ ያዘችላቸው። ስትሮው ላሸቀ፣ ተጣበቀ፤ ውሃው በአገጫቸው ወርዶ ደረታቸውን አራሰው።

«አስቸገርኩሽ፣ ልጄ» አሏት።

ይቅርታ ጠያቂዋ እሳቸው መሆናቸው አንጀቷን በላው። ነርሱ ፎጣ ሲያቀብላት ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ ሁለቱም ቶሎ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

ቢሮዋ ተመልሳ መመሪያውን እንደ አዲስ አነበበችው። ለሕክምና ግድ ሲሆን፣ የበላይ ኃላፊ ከፈቀደ፣ የሚታጠፈውን የፕላስቲክ ስትሮ መግዛት ይቻላል ይላል። ኃላፊው ግን ኦዲተር ፈራ። ነገ ተጠያቂው ማነው ሲላት፣ «እኔ ነኝ» አለችው።

እያጉረመረመ ፈረመ፤ ስትሮውም ተገዛ። ብዙም ሳይቆይ ግን ቂሙን ሊወጣባት ከከተማው ዳር ወዳለ መጋዘን አዛወራት።

ከእንግዲህ ማን ያስታውሰኛል ብላ ነበር። ነርሱ ግን የሌሊት ተራውን በጨረሰ ቁጥር ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ይመጣል። አዛውንቷ በአዲሱ ስትሮ ያለ ማንም እርዳታ መጠጣት መጀመራቸውን የነገራት እሱ ነው። «እርስዎ» ማለቱንም መቼ እንደተወው ሁለቱም አያውቁም።

አንድ ጠዋት «የምነግርሽ ነገር አለኝ» ብሎ ጀመረና፣ ካርቶን ላይ እንደተደገፈ እንቅልፍ ጣለው። አልቀሰቀሰችውም። አጠገቡ ተቀመጠች፤ ጭንቅላቱ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ አልተነቃነቀችም።

ፀሐይዋ ከበረታች በኋላ ደንግጦ ነቃ።

«ምን አልኩሽ?»

«ገና ምንም አላልከኝም።»

«እንጋባ ልልሽ ነበር።»

ዞር ብላ አየችው። ዓይኖቹ ዛሬም እንደቀሉ ናቸው።

«እሺ» አለችው። «አሁን ግን ትንሽ ተኛ፤ እኔ አለሁ።»