ጥርስ የማያውቀው ቡሽ

አባቷ አፉን ከፍቶ ወንበሩ ላይ ደርቆ ሲቀር፣ ተማሪዎቹ የሚያሳያቸው መስሏቸው እነሱም አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ። የእንግሊዝኛ አናባቢ ድምፅ አስተማሪ አይደል? ሲከፍት ሲዘጋ ነው የሚውለው። ዛሬ ግን አልዘጋውም።

ልጅቷ አላለቀሰችም። እንባ ወይ ፍንክች! ሰውነቷ ሁሉ የሌላ ሰው የሆነ ነው የመሰላት።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከንፈር ለሚሞጠሞጥበት ድምፅ ተማሪው የእጅ መስታወት ይይዛል፣ አፍ ለሚከፈትበት ድምፅ ደግሞ የጠርሙስ ቡሽ በፊት ጥርሱ ይነክሳል። መጀመሪያ የሚነክሰው አባቷ ነው። ቡሾቹን የምትቀቅለው ደግሞ እሷ። የገደለው መርዝ የተገኘው በአባቷ ቡሽ ላይ ነው፤ በቃ፣ ሰው ሁሉ እሷን አያት።

መርማሪዋ መጣች። ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» ነው የሚሏት፣ ስትራመድም ስትጠይቅም አትቸኩልም።

«ቡሾቹን ቀቅለሽ የት አኖርሻቸው የኔ ልጅ?»

«መምህራን ክፍል፣ እንዲቀዘቅዙ። ግን ዛሬ የመስታወት ቀን ነበር። ጠዋት ሳጥኑን ስንከፍት መስታወቶቹ በሙሉ ተሰባብረዋል። አባዬ 'ልጆቹ እንዳይቆረጡ ደብቂው፣ ለማንም አታውሪ፣ ቡሽ ቀቅዪ' አለኝ። ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩት።»

ድምጿ እንደ ሬዲዮ ዜና ነበር። መርማሪዋ ቁምሳጥኑን አስከፍታ አየችና መልሳ ቆለፈችው።

ቀጥሎ የጽዳት ሠራተኛዋ ተጠሩ።

«እትዬ፣ ዛሬ ለምን በቡሽ አስተማረ?»

«እኔ ምን አውቄ እቴ! የመስታወት ቀን እኮ ነው፣ ዘወትር ጨርሰው ሲሄዱ የጣት አሻራቸውን የምወለውለው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ምክትል ርዕሰ መምህሩ። ከቢሮው ንቅንቅ እንዳላለ ምሏል።

«ለምን በቡሽ አስተማረ ጋሼ?»

«መስታወቶቹ ተሰብረውበት ነዋ። እኔ እኮ ያቺ ልጅ ደረቅ ዓይኗ ነው የሚያሳስበኝ።»

መርማሪዋ «እሺ» ብቻ አለች።

ማምሻውን ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸውና ሁለት ቡሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይሄ ከመምህሩ አፍ የወደቀው ነው። አንድ ንክሻ ብቻ አለው። ይሄኛው ከመምህራን ክፍል የቆሻሻ ቅርጫት የወጣ፣ ጥርሱ ለዓመታት የቦረቦረው ነው። ልጅቷ ብትሆን ቡሹን ምን አስቀየራት? እጇ ላይ አይደል እንዴ፣ ያንኑ መቀባት ትችል ነበር። የቀየረው ቤቱ መርዝ ነክሮ ያመጣ ሰው ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን አገባኝ?» አለ ምክትሉ።

«ቡሹ እንዲነከስ መስታወቱ መጥፋት ነበረበት። መሰበሩን ያዩት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው። ሳጥኑ ተቆልፎበታል፣ እኔም ለማንም አልተነፈስኩ። እርስዎ ከቢሮዎ ሳይወጡ ማን ነገረዎት?»

ምክትሉ ወንበሩን ገፍቶ ወደ በሩ ዞረ።

«የፈተና መልስ አሾልኮ ሲያወጣ አባዬ ይዞት ነበር» አለች ልጅቷ፣ ማንንም ሳታይ። «ነገ ሊናገር ነበር።»

«ይኸው ወጣ!» አሉ እትዬ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው።

ምክትሉን ሲወስዱት መርማሪዋ አሮጌውን ቡሽ ወደ ልጅቷ ገፋ አደረገችው። «ለማስረጃ እፈልገዋለሁ። እስከዚያ ግን ያዥው።»

ልጅቷ አውራ ጣቷን አባቷ የቦረቦረው ጉድጓድ ላይ አሳረፈች። ልክክ አለ። አፏ ሳታስበው ተከፈተ፣ ልክ እሱ እንዳስተማራት፣ ሰፊ ሆኖ። የልቅሶዋ ድምፅም ያኔ መጣ።