ያልተጠጣ ውሃ

ከንጋት ጀምሮ ሲወርድ የዋለው ዝናብ ጋብ ሲል የመካከለኛው አፍሪካ ደን ይባስ ጨለመ። እንፋሎቱ ከመሬት እየተነሣ መንገዱን ሸፈነው፤ ለሰባ ዓመቱ ገብረ ክርስቶስ ከመሪው ከሞንዲ ጀርባ በቀር የሚታየው ነገር አልነበረም። ከፍራንክፈርት አብረውት የመጡት መንገደኞች ዝሆኖች ወደሚሰበሰቡበት ሜዳ ከሌላ መሪ ጋር ቀድመው ሄደዋል። ወደ ኋላ የቀሩት እርሱና የእኅቱ ልጅ የሺወርቅ ናቸው፤ የቀሩትም በእርሱ ድካም ነው።

ፍራንክፈርት ዳር ባለው በዚንድሊንገን ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሲሠራ አንዲት ጾም ሽሮ አያውቅም። ወቅቱ ፍልሰታ ነው። የንስሐ አባቱ፣ «መንገደኛ ነህ፤ ውሃ ጠጣ፤ ፈቅጄልሃለሁ» ብለውት ነበር። በአፉ እሺ አለ፤ በልቡ ግን፣ «ደግሞ ለእኔ!» አለ። እነሆ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ባረፉበት መንደር የደኑ ነዋሪዎች ከሆኑት ከባያካ አዳኞች ጋር የአደን መረብ ሲጎትት እንኳ፣ የጠጣ እየመሰለ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ሳይቀምስ ዋለ።

አሁን ምላሱ ከትናጋው ተጣበቀ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ፓውዘ እናድርግና ይረፉ?» አለች የሺወርቅ። ፍራንክፈርት፣ ጊንሃይም ሰፈር ውስጥ አረጋውያንን የምትንከባከብ ናትና በቀላሉ አትሸወድም።

«ደኅና ነኝ።»

«ከንፈርዎ ተሰነጣጥቋል። እስቲ ኮዳዎን!» ተቀብላ ከፈተችው፤ እስከ አፉ ሙሉ ነበር። «በስመ ሥላሴ! እዚህ ደን ውስጥ እየጾሙ ነው?»

ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሞንዲ መዳፉን አነሣ። ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ። ከሃያ ርምጃ በማይበልጥ ርቀት ልጇን ያስከተለች ዝሆን ከጭጋጉ ብቅ ብላ ጆሮዎቿን ዘረጋች። ሞንዲ ወደ ኋላ እንዲያፈገፍጉ በእጁ አመለከተ። ገብረ ክርስቶስ ዞሮ ሁለት ርምጃ ተራመደ፤ ጉልበቱ ታጠፈና ጭቃው ላይ ተዘረረ።

«ይነሡ! በእመብርሃን ይነሡ!»

«ሂጂ፣ የሺ! እኔን ተዪኝ!»

«የትም አልሄድም!»

ዝሆኗ ምድሩን እያንቀጠቀጠች መጣች። ዳዊትን ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ የያዘ ሰው አንዲት ቃል አጣ። ክንዱን ይዛ የምትጎትተውን የሺወርቅን እያየ፣ በእኔ ትዕቢት ልትሞት ነው አለ በልቡ። ያን ጊዜ ሞንዲ ዘሎ መካከል ገባና ቆንጨራውን ከግንድ ጋር እያጋጨ ጮኸ። ዝሆኗ በኩምቢዋ መትታ እሾህ ውስጥ ወረወረችው፤ ወዲያው ልጇ ከኋላዋ ሲጮኽ ሰምታ ተመለሰች። ቅርንጫፍ ሲሰባበር ቆየ፤ ከዚያ ሁሉ ነገር ጸጥ አለ።

ሞንዲ ግራ ክንዱ ደም በደም ሆኖ ከእሾሁ ወጣ። የሺወርቅ በሻሿ አሰረችለት። ገብረ ክርስቶስ ኮዳውን አንሥቶ ጠጣ።

«ንገሪው» አለ፤ «ውሃ እያለኝ በትዕቢት ሳልጠጣ ቀርቼ እንደወደቅሁ አንድም ሳትደብቂ ንገሪው።»

ከትምህርት ቤት በቀረቻት ፈረንሳይኛ ነገረችው። ሞንዲ ሽማግሌውን ትኩር ብሎ ተመለከተና አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?»

«‹ውሃውን ለዝሆኗ ነበር እንዴ ያስቀመጠላት?› ነው የሚለው።»

ገብረ ክርስቶስ አልሳቀም። እየተንገዳገደ ተነሥቶ፣ ባደገበት ሥርዓት ይቅርታ ሊለምን ከሞንዲ እግር ሥር ተደፋ። ሞንዲ ግን ሰውየው ዳግመኛ የወደቀ መስሎት በደኅናው እጁ ብብቱን ይዞ ብድግ አደረገው፤ እስከ ሜዳው ድረስም አልለቀቀውም።