ከላይ የጠፋው ኔትወርክ

ከተበላ ከተማ በቪዲዮ የምትከራከረው ተማሪ የመጀመሪያ ነጥቧን ሳትጨርስ፣ አፏን እንደከፈተች ስክሪኑ ላይ ደርቃ ቀረች። የሶዶዎቹ ተማሪዎች አዳራሹን በሳቅ አናወጡት።

«ኔትወርኩ ከላይ ነው የጠፋው» አለ በእምነት የተባለው የአይሲቲ ክበብ ሊቀመንበር።

ፀዳለ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ከንፈሯን አጣመመች። ከላይ! የዚህ ልጅ ጥፋት ሁሌም ከላይ ነው የሚመጣው፤ ጭብጨባው ብቻ ነው የራሱ። ትናንት የቪዲዮ ኮንፈረንሱን ዕቃ ከትምህርት ቤቱ ዋይፋይ ጋር አገናኘሁት ብሎ ሲንጠባረር፣ ርዕሰ መምህሩ አቶ ደገፉ ሰልፍ ላይ አስጨብጭበውለታል። እሷ ግን ዕቃው ከምን ጋር እንደተገናኘ በዓይኗ አይታለች። ከገዛ ስልኩ ሆትስፖት ጋር! አይታም ዝም አለች። ጉረኛ ሲዋረድ ማየት አምሯት ነበር።

አሁን ስልኩን ሰረቅ አድርጎ አይቶ ኪሱ ሲከተው ገባት። የኢንተርኔት ጥቅሉ አልቆበታል።

«ከተበላ ምን ትጠብቃላችሁ!» አለ አንዱ እየሳቀ።

«አዎ፣ ችግሩ የእነሱ ነው» አለ በእምነት ፈጠን ብሎ።

«እንግዲያው ክርክሩን እንሰርዘዋለን» አሉ አቶ ደገፉ።

ሳቁ በእምነት ላይ አልወደቀም፤ አፏን ከፍታ በቀረችው ልጅ ላይ ወደቀ። ፀዳለ ተነስታ የዕቃውን ሪሞት ከእጁ ነጠቀችው።

«አንቺ፣ እንዳትነካኪው!»

«ዘወር በል፣ ፋራ።»

ስክሪኑ ላይ የትምህርት ቤቱ ዋይፋይ በሁለት ስም ተዘርዝሯል። በእምነት ጠጋ ብሎ «ሞክሬዋለሁ፣ አይዝም» አላት በሹክሹክታ።

«ፈጣኑን ነዋ የሞከርከው። እሱ ግድግዳ አያልፍም። ቀርፋፋው ግን እዚህ ይደርሳል።»

የክበቡ አባላት ሁሉ የሚያውቁትን የይለፍ ቃል አስገባች። ትንሽ ቆይቶ ልጅቷ ተንቀሳቀሰች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ይሰማል? ስትስቁ ይሰማኝ ነበር፤ ድምፃችሁ ከምስሉ ቆየት ብሎ ነው የተቋረጠው። ያጠፋነው እኛ ነን እንዴ?»

አቶ ደገፉ ወደ በእምነት ዞሩ።

«ፀዱ፣ በናትሽ እንዳታጋልጪኝ» አላት በእምነት በጆሮዋ።

ፀዳለ ከላይ እስከታች አየችው። ንቀቷ አልበረደም። ትናንት ዝም ላለችው ለራሷም ጥቂት ተርፏት ነበር።

ማይክሮፎኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

«መልስላት» አለችው።

ወደ ወንበሯም አልተመለሰችም። እስኪናገር ድረስ አጠገቡ ቆማ ጠበቀችው።