ሻምበል ሳህሉና ሃያ አራት እጥፉ መነጽር

በሰኔ ወር ሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 2013፣ ከአሜሪካዋ ከተማ ከውድብሪጅ በስተ ምዕራብ ባለው የአኩሪ አተር ማሳ ላይ ፀሐይ ገና ከማለዳው ትፋጅ ነበር። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ምድር የጦር መሣሪያ ሕግ ክርክር ተጋግሎ፣ ሰዉ ጥይት እየተሻማ ገዝቶ መደርደሪያው ሁሉ ባዶ ቀርቶ ነበርና፣ የቀድሞው ጦር መኮንን ሻምበል ሳህሉ ይዘውት የወጡት ጥይት እፍኝ አይሞላም ነበር።

ፈረንጆቹ ግራውንድሆግ የሚሉት፣ ሽኮኮ የሚመስል ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬ ማሳውን አመሰቃቅሎት፣ የባለእርሻው ፈረስ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ እግሩ ተሰብሮ ነበር ፤ ባለእርሻው ሽማግሌ ሚስተር ዊልኪንስም፣ "እስከ ዛሬ ማታ ትልቁን ካልጣሉልኝ መርዝ የሚያኖሩ ሰዎች እጠራለሁ ፤ የእርስዎም በየቅዳሜው ለአደን መምጣት ይቀራል" ብለዋቸዋል። ሳምንቱን ሙሉ በአሌክሳንድሪያ የሰው መኪና ሲያቆሙ የሚውሉት ሻምበል፣ መኮንንነታቸው ትዝ የሚላቸው በዚያ ማሳ ላይ ብቻ ነበርና፣ ነገሩ ከልብ አሳሰባቸው።

የጠመንጃውን መነጽር አዋጥተው የሰጧቸው የሲልቨር ስፕሪንግ ወዳጆቻቸው ናቸው ፤ ከአራት እስከ ሃያ አራት እጥፍ ያጎላል። መቼም የአበሻ ይሉኝታ ክፉ ነው! ከሰጪዎቹ አንዱ፣ ኢንጂነር በፈቃዱ፣ ከጎናቸው በደረቱ ተኝቶ እያየ ኃይሉን ዝቅ ማድረግ ስጦታውን ማቃለል መሰላቸው።

"ጋሼ ሻምበል፣ እስከ መጨረሻው ፉል ያድርጉት እንጂ! እኛ እኮ ትንሹን አልገዛንልዎትም።"

"እሺ፣ እናንተን ደስ ይበላችሁ" አሉና ሃያ አራት ላይ አደረሱት።

አውሬው ከሦስት መቶ ሜትር ማዶ ብቅ አለ። ጢሙ ሳይቀር ታየ ፤ ነገር ግን ከምድር የሚነሣው ሙቀት አብሮ ጎልቶ ምስሉን እንደ ፈላ ውሃ ያንቀጠቅጠዋል ፤ የገዛ ትንፋሻቸውም ዒላማውን ያዘልለዋል። ሁለት ጊዜ ተኮሱ ፤ ሁለቱንም ሳቱ። አውሬው ገባ ፤ ብዙ ቆይቶ ደግሞ ወጣ።

"በፈቃዱ፣ አትቀየመኝ" አሉ ሻምበል። "አውሬው ገዝፎ ይታየኛል ፤ ዙሪያውን ግን አላየውም።" የመነጽሩንም ቀለበት አዙረው ወደ አሥር ዝቅ አደረጉት።

ምስሉ ረጋ ፤ ማሳውም ሰፋ። ያን ጊዜ ከአውሬው ጀርባ፣ ቁጥቋጦው መሐል፣ አጎንብሰው እንጆሪ የሚለቅሙ ሴት ታዩአቸው ፤ ጆሮአቸው የደከመው የባለእርሻው ባለቤት ነበሩ።

ሻምበል ጣታቸውን ከምላጩ አነሡ ፤ ጥይቱንም ከጠመንጃው አወጡ።

"ምነው ጋሼ? ቆሞልዎት እኮ ነው!"

"ይቁም። ሴትዮዋ ከኋላው አሉ።"

በፈቃዱም በመነጽሩ አጮልቆ አያቸው።

ማታ ሚስተር ዊልኪንስ ሲመጡ፣ ሻምበል የመነጽሩንም የባለቤታቸውንም ነገር አንዱንም ሳይደብቁ ነገሯቸው ፤ "አውሬውን አልጣልኩም" ብለውም፣ የመጨረሻ ቀናቸው መሆኑን አምነው ጠመንጃቸውን መኪና ላይ ጫኑ። እንዲህ ያለ ሰው ያኮራል! ሽማግሌው የመኪናውን በር ያዝ አድርገው፣ "ቅዳሜ ይምጡ" አሉ ፤ "ሁልጊዜም ይምጡ።"

ስለዚያ ዓመት የጥይት እጥረትና የሸንጎ ክርክር ጸሐፍት ብዙ ጽፈዋል። ስለ አንዲት ያልተተኮሰች ጥይት ግን የጻፈ የለም ፤ አሮጊቲቱም ያን ማታ በእንጆሪ የጠቆሩ ጣቶቻቸውን ታጥበው ማዕድ ሲቀርቡ፣ ባላቸው እጃቸውን ይዘው አልለቅ ያሉበትን ምክንያት አላወቁም።